አርባ አንድ ሽሪምፕ

ሰፈሩ ሁሉ «ጨዊቱ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። በየሁለት ቀኑ በርሜል ሙሉ ውሃ ላይ ጨው እየመዘነች በረጅም ዱላ ስታማስል ያያት ጎረቤት እንዲያ ብሎ ጠራት፤ በዚያው ጸና። ቀልደኞቹ ደግሞ «ጨዊቱ ብቻ አይደለችም፣ ጨዋም ናት» ይሉ ነበር። ሐሰት አልነበረም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት የለም። ቢበድሏት ዝም፣ ቢያመሰግኗት ዝም። እናቷ ይህን ዝምታ እንደ ትልቅ ጸጋ ቆጥረው ለዘመድ ለወዳጅ ያወሩላታል። ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ ጎንበስ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

አባቷ ሲሞት ለሁለት ልጆቹ የተወው አንድ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቅ ነው። ፎቁ ላይ እናታቸው ይኖራሉ፤ ምድር ቤቱ ሱቅ ነው። ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ ክፍል ታላቅ ወንድሟ ያዘው። መስታወቱ የሚያብለጨልጨው፣ መብራቱ ሰማያዊ የሆነው፣ ደንበኛ ገብቶ አፉን የሚከፍተው እዚያ ነው። መስኮት የሌለውን ጓዳ፣ ፓምፑ ሲያንጎራጉር የሚውልበትን፣ ግድግዳው በጨው የነጣውን ክፍል እሷ ያዘች። እንዲህ እንካፈል ብሎ የተነጋገረ ሰው የለም። ዝም ብሎ ሆኖ ተገኘ።

ወንድሟ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ዝናብ ለማሳለፍ የተጠለለን ሰው ዓሣ፣ መስታወትና ፓምፕ አስታቅፎ የሚያስወጣ ነው። የውሃ ነገር ግን አይገባውም። ደንበኛ ጠንከር ያለ ጥያቄ ከጠየቀው በጓዳው በር አንገቱን ብቅ ያደርግና «እሙ፣ የእነዚህ ሙቀት ስንት ነው?» ይላታል። እሷ ትነግረዋለች። እሱ ተመልሶ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠናው የኖረ አስመስሎ ያወራዋል። ይህንንም ዝም ብላ ትሰማለች።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሐሳብ በልቧ ገባ። ሱቁ የሚሸጣቸው ሽሪምፖች፣ እነዚያ ጢማምና ቅርፊት ለባሽ ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት፣ ከሩቅ ተይዘው በላስቲክ ከረጢት ታስረው ነበር የሚመጡት፤ ግማሾቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። «ለምን እዚሁ አላራባም?» አለች ለራሷ። ገላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀይ ሰንበር የተጋደመበት ጥንድ መርጣ ለብቻቸው አስቀመጠች። እንቁላል መያዙ ቀላል ነው። ጣጣው ከተፈለፈሉ በኋላ ነው። ሲፈለፈሉ ዓይን ያለው አቧራ ይመስላሉ። በቀን አራት ጊዜ ከእነሱ ያነሰ፣ በሕይወት ያለ ምግብ ካላገኙ እርስ በርስ ይበላላሉ። ውሃው ትንሽ ከቆሸሸ አንድም አይተርፍ። ከፍ ብለው የገንዳውን ወለል መርገጥ የሚጀምሩበት ሳምንት ሲደርስ ደግሞ፣ እሰይ አደጉልኝ ሲሏቸው፣ ያለ ምክንያት ይረግፋሉ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞክራ አሥራ አንድ ጊዜ አለቁባት። በአሥራ ሁለተኛው ከስድስት መቶ የሚበልጡት ተፈልፍለው አርባ አንዱ ተረፉ።

አርባ አንድ። የጣት ጥፍር የማያህሉ፣ ነገር ግን ሰንበራቸው የወጣላቸው፣ በእግራቸው ቆመው የሚበሉ። ጠዋት ጠዋት በባትሪ እያበራች ትቆጥራቸው ነበር።

«ጋሼ፣ አርባ አንድ ደረሱልኝ» አለችው ወንድሟን፣ አንድ ቀን ጨክና።

ስልክ እያወራ ነበር። እጁን እያወዛወዘ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አለና ወሬውን ቀጠለ።

በዚያው ሰሞን ወንድሟ አንድ አንበሳ ዓሣ አስመጣ። የሚያምር ፍጥረት ነው፤ ክንፎቹን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ጀርባው ላይ መርዘኛ እሾኾቹን አቁሞ፣ የሚጣደፍበት ጉዳይ እንደሌለው ባለሥልጣን ቀስ እያለ የሚዞር። አንድ የጥርስ ሐኪም ለክሊኒካቸው የታካሚ መጠበቂያ ክፍል ግድግዳ ሙሉ የዓሣ ገንዳ ሊያሠሩ ፈልገው ስለነበር የታሰበው ለእሳቸው ነው። ዓሣው ግን ከመጣ ጀምሮ አልበላ አለ። የሞተ ነገር ቢሰጡት ዞር ብሎም አያይም። አምስት ቀን ጾመ።

ሐሙስ ዕለት ጨዊቱ እናቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደች። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሲመለሱ ከቀትር አልፏል። እናቷን ደግፋ ፎቅ አወጣችና በቀጥታ ወደ ጓዳ ወረደች።

የገንዳው ክዳን መሬት ላይ ነበር። ትንሿ መረብ ጠርዙ ላይ ተጥላ ውሃ ታንጠባጥባለች። አየር መንፊያው ባዶ ውሃ ውስጥ ይፍለቀለቃል። ባትሪውን አብርታ ከድንጋዩ ሥር፣ ከቱቦው ኋላ፣ ከማዕዘኑ አየች። ደግማ አየች። አንድም የለም።

ከፊተኛው ክፍል ሳቅ ይሰማል። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ወንድሟና የጥርስ ሐኪሙ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ትልቁ መስታወት ፊት ቆመዋል። አንበሳ ዓሣው ክንፎቹን ዘርግቶ አንዲት ሽሪምፕን ወደ ማዕዘን እየገፋት ነበር። ትንሿ ሽሪምፕ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አለች፤ መስታወቱ ያዛት። ከዚያ አፉ ተከፈተና ተዘጋ። በዓይን ቅጽበት። ሲያኝክ እንኳ አልታየም።

«አዩልኝ ዶክተር?» አለ ወንድሟ። «አይበላም ብለው ሰግተው ነበር። ይኸው።» ዞር ሲል እሷን አያት። «መጣሽ? እህቴ ናት ዶክተር፣ የጓዳውን ሥራ የምታግዘኝ።»

ሐኪሙ በትሕትና ሰላም አሏት። «ቀያዮቹ እንዴት ያምራሉ» አሉ። «ሳይበላቸው ከዓሣው ጋር አብረው የሚኖሩ ጥቂቶች ቢገቡልኝ ደስ ይለኛል። ይቻላል?»

«ለምን አይቻልም?» አለ ወንድሟ። «እህቴ ታለማምዳቸዋለች።»

ጨዊቱ በቁሟ ደረቀች። ደሟ ከእግሯ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ ሲፈላ ይሰማታል። ሰው ፊት ግን አልተናገረችም፤ አልለመደባትም። ጥርሷን ነክሳ ተመለሰችና ባዶው ገንዳ አጠገብ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ብታለቅስ ይቀልላት ነበር፤ እንባ ግን እምቢ አለ።

ሐኪሙ እንደወጡ ወደ ወንድሟ ሄደች።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አልነበርሽማ።»

«እማዬን ሐኪም ቤት ወስጄ ነው ያልነበርኩት።»

«ታዲያ ሰውየው ቆመው ይጠብቁሽ? የማይበላ ዓሣ ማን ይገዛኛል?»

«አርባ አንዱንም?»

«መጀመሪያ ሁለት ነበር የሰጠሁት። ሲበላ አይተው ደስ አላቸው፣ ድገመው አሉኝ። ደገምኩ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ሽሪምፕ እኮ ነው። ሰው የገደልኩ አስመሰልሽው። አንቺ ደግሞ ታራቢያለሽ።»

ወንድሟ ይህን የተናገረው በክፋት አይደለም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያበገናት። አውቆ ቢጎዳት እንኳ ቢያንስ አይቷታል ማለት ነበር።

ማታ እናቷ ነገሩን ሰሙ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አሉ፣ መድኃኒት የተጨመረበት ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እሱ እንዲያ ነው፣ አንቺ ደግሞ ጨዋ ነሽ። ለእኔ ስትይ ተይው።»

ተወችው። ማለትም እንደ ልማዷ ዝም አለች። ግን የዚህኛው ዝምታ ጣዕሙ ሌላ ነበር። ጨው ስትመዝን ታስበዋለች፣ ቱቦ ስታጥብ ታስበዋለች፤ እንጀራዋን ስትጎርስም ታስበዋለች። «የጓዳውን ሥራ የምታግዘኝ።» ይህች ቃል እንደ እሾኽ ተሰክታባት ቀረች።

በሳምንቱ የጥርስ ሐኪሙ ተመልሰው መጡ። ወንድሟ ሊቀበላቸው ሲጣደፍ እሳቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙትና ወደ ጓዳው በር ተጠጉ።

«ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩ» አሏት። «ሽሪምፖቹን ከአንበሳ ዓሣው ጋር እንዴት ነው የሚያለማምዷቸው? ባለቤቴ አላምን አለችኝ።»

ወንድሟ ከኋላቸው ቆሞ በዓይኑ ይጠቅሳታል። ጨዊቱ እጇን በጨርቅ አደረቀች።

«ባለቤትዎ ልክ ናቸው» አለች። «ማለማመድ የሚባል ነገር የለም ዶክተር። አንበሳ ዓሣ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ሽሪምፑ ትልቅ ከሆነ፣ ከዓሣው ቀድሞ ከገባ፣ መደበቂያ ድንጋይ ካለው፣ ዓሣውም ሁልጊዜ ጠግቦ ከዋለ፣ ወር ሁለት ወር ሊቆዩ ይችላሉ። ሽሪምፕ ግን ቅርፊቱን ይቀይራል። የቀየረ ዕለት ገላው ለስላሳ ነው፤ መሮጥም አይችል። ያን ቀን ያልቅለታል።»

«ወንድምዎ እንዳሉኝ ግን…»

«ወንድሜ እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ አያውቅም።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። «እኔ እንግዲህ ልጆች ጥርስ እስኪነቀሉ ድረስ ልባቸው ይረጋጋ ብዬ ነበር» አሉ። «ሲዋዋጡ እያዩ ከሆነማ ወንበሩ ላይ የሚወጣልኝም የለ።» አመሰገኗትና አስብበታለሁ ብለው ወጡ።

ወንድሟ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«እውነቱን ነው የነገርኳቸው።»

«ማን ጠየቀሽ? ድንጋይና ቅርፊት ምናምን እያልሽ ገበያዬን ገደልሽው። በገዛ ሱቄ።»

«በገዛ ሱቄ» አለች እሷም፣ ቃሉን ቀስ አድርጋ እንደምትመዝነው። ሌላ አልጨመረችም።

ንዴት ሲይዘው ማሰብ አይችልም ወንድሟ። በማግስቱ ጠዋት እሷ ዳቦ ልትገዛ ወጣ ስትል አንበሳ ዓሣውን በባልዲ ይዞ ገባና ጥንዶቹ ወላጆች ያሉበት ገንዳ ውስጥ ለቀቀው። ዓሣው ጠግቧል፣ ሽሪምፖቹም ትልልቅ ናቸው፤ አብረው ሲውሉ ፎቶ አንሥቶ ለሐኪሙ ሊልክ ነው ያሰበው። ስትመለስ ስልኩን መስታወቱ ላይ ደግኖ አገኘችው።

ከጥንዶቹ አንዱ የለም። እንቁላል የተሸከመችው ከድንጋይ ሥር ተወሽቃ ረጃጅም ጢሞቿን ብቻ ታወዛውዛለች።

«አውጣው» አለችው።

«ትንሽ ጠብቂ፣ እስኪለምዱ ነው።»

«አውጣው አልኩህ።» ይህን ጊዜ ድምጿ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ፓምፑ እንኳ ያቆመ መሰላት። ወንድሟ ደንግጦ ዞር አለ።

ሰፊ ዕቃ ልታመጣ ተንደረደረች፤ አንበሳ ዓሣ በመረብ አይነካም፣ በእጅማ ጭራሽ። እሱ ግን ለጩኸቷ መሸነፍ ስላልፈለገ «ቆይ፣ እኔ አወጣዋለሁ፣ ምን አለው?» ብሎ እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን እስከ ክርኑ ነከረ። ዓሣው አልሸሸም። ጀርባውን ብቻ አዘነበለ።

ወንድሟ የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። እጁን መዝዞ ደረቱ ላይ አጣብቆ ተንበረከከ። ፊቱ ዐመድ ለብሶ ላቡ ይንቆረቆራል። እናታቸው በደረጃው እየተደናበሩ ወረዱ።

ጨዊቱ አልተደናገጠችም። ትንፋሹን አየች፣ ደረትህን ያፍንሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ሐኪም ቤት ደወለች፤ እጁን ቶሎ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዩለት፣ ሕመሙ ሲታገሥ አምጡት፣ መተንፈስ ካቃተው ግን አሁኑኑ አሏት። ውሃ ጣደች፤ እስኪሞቅ ዓሣውን በሰፊ ዕቃ ቀድታ ወደ ራሱ ገንዳ መለሰችው። ውሃው ሲሞቅ በገንዳው ቴርሞሜትር ለካች፣ ሳፋ ውስጥ ገለበጠችና እጁን ይዛ ነከረችለት።

«ከዚህ ከሞቀ ይልጥሃል፣ ከቀዘቀዘ አይረዳህም። እንዳታወጣው።»

ጥቂት ቆይቶ ትንፋሹ ረገብ አለ። እጁን ቢያወጣ ሕመሙ እንደ እሳት ይመለስበታል፤ ሞክሮ አየው። «ስንት ደቂቃ ነው?» አለ በደከመ ድምፅ።

«አንድ ሰዓት ይሆናል።»

ባልዲዋን ገልብጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ስማኝ» አለች። «የጓዳውን ሥራ የማግዝህ አይደለሁም። አባባ ጨው መመዘን ያስተማረኝ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አንተ ሌላ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ይህን ቤት ያቆምነው እሱና እኔ ነን። ሲሞት መጣህ፣ አለቀስክ፣ ታፔላ አሠራህ። ታፔላው ላይ ምን ጻፍክ?»

ወንድሟ የሳፋውን ጠርዝ በሌላ እጁ ያዘ።

«“አባትና ልጅ” ብለህ ጻፍክ፤ ልጁ አንተ ብቻ እንደሆንክ። ሲሰቀል መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። ከታች ቆሜ እያነበብኩት ያዝኩልህ። አላየኸኝም። አሁንም ሽሪምፖቹን ስትሰጥ አላየኸኝም። አርባ አንድ ደረሱልኝ ብዬ ነግሬህ ነበር። ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ?»

«አላስታውስም» አለ፣ ወደ ሳፋው እያየ።

«አታስታውስም። ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አልቀውብኝ አንዴ የያዝኳቸውን ለሰው ማሳቂያ አደረግካቸው። ዓሣውን አልቆጣውም፤ እሱ ተፈጥሮው ነው። አንተን ነው የምቆጣው።»

እናታቸው ጣልቃ ገቡ። «አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ እየተሠቃየ እኮ ነው። አሁን ይሄ ጊዜው ነው?»

«ጊዜውማ አሁን ነው እማዬ። እጁን ከዚህ ሳፋ ካወጣ ቁጭ ብሎ አይሰማኝም።»

ውሃው ሲቀዘቅዝ እየተነሣች ሙቅ ትጨምራለች፤ ትለካለች፤ ትቀመጣለች፤ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የዓመታት ጉድ ነው። በእሱ አፍ የተነገረ የእሷ ዕውቀት፣ በበዓል ቀን እሷ ገንዳ ስትጠብቅ እሱ ሊዝናና የሄደበት፣ ለደንበኛ የተናገረው ውሸት ሲገለጥ በእሷ ያሳበበበት። አልጮኸችም። ከዚያች ከአንዷ ጩኸት በኋላ ድምጿ ወርዶ ነበር፤ ግን አልተቋረጠም። እናታቸው ሲሰሙ ሲሰሙ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«በቃ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ወንድሟ በመጨረሻ።

«ሕመምህ ነው ይቅርታ የሚለኝ። እጅህ ሲድን ድገመው፤ ያኔ እሰማሃለሁ።»

እናታቸው አንገታቸውን ደፍተው «ዝም ስትይ እኮ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «ቤቱ ሰላም የሆነ ይመስለኝ ነበር።» ለማን እንደተናገሩ አልታወቀም።

ሐኪም ቤት ወሰደችው፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ እጁ ሳምንት ሙሉ አብጦ ሰነበተ። ዳነ። ይቅርታውን ግን አልደገመውም። ሁለት ሳምንት ጠበቀችው፤ በሦስተኛው የራሷን ማራቢያ የምትከፍትበት ቤት ፍለጋ ወጣች። ከሱቃቸው ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ቀድሞ ልብስ ማጠቢያ የነበረ ክፍል አገኘች፤ ወለሉ ላይ የውሃ መውረጃ ያለው፣ መስኮት ያለው።

ከመሄዷ በፊት አንበሳ ዓሣውን በረጅም እንጨት ጫፍ የሞተ ዓሣ እያወዛወዘች አለማመደችው። አራት ቀን ፈጀባት። በአምስተኛው ቀን ከእንጨቱ ጫፍ ነጥቆ በላ። እንጨቱን ለወንድሟ አቀበለችው። «እንዲህ ነው የሚበላው። በሕይወት ያለ ነገር አትስጠው» አለችው። ተቀበላት።

ዕቃ ባወጣችበት ቀን ዕቃ ጫኞቹ አርፍደው ነበርና የትልቁን ገንዳ አንድ ጫፍ ራሷ አነሣች። ሌላው ጫፍ ሲነሣ ተሰማት። ወንድሟ ነው። በሩን በጀርባው ገፍቶ ከፈተና እስከ መኪናው ድረስ አብሯት ተሸከመ። እሷም አልከለከለችው፤ አላመሰገነችውም።

ድንጋይ ሥር የተረፈችው ሽሪምፕ እንቁላሏን በአዲሱ ቤት ፈለፈለች። በዚያ ዙር አሥራ ዘጠኝ ተረፉ። የጥርስ ሐኪሙ አንበሳ ዓሣውን ትተው ሽሪምፕና ትንንሽ ሰላማዊ ዓሦች ብቻ ይሁንልኝ ብለው ስለመጡ ስድስቱን ወስደው ክሊኒካቸው አስገቡ። ወንድሟ አልፎ አልፎ ይደውላል። የውሃ ነገር ነው የሚጠይቃት፤ ስንት ጨው፣ ስንት ሙቀት። ቁጥሩን ትነግረውና ትዘጋለች።

እናቷ ከሰዓት በኋላ እየመጡ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን «እስቲ ታረቂው ልጄ፣ እኔ ሳልሞት» አሏት።

«ተጣልቼ አይደለም እማዬ። ተናድጄ ነው።»

«እስከ መቼ ነው የምትናደጂው?»

«እኔ እንጃ» አለች ጨዊቱ፣ የሚቀጥለውን ገንዳ ክዳን እያነሣች። «ገና መጀመሬ ነው።»